አሮጌ ፒክአፕ ነዳጅ ሲያንሰው፦ ነባሩን ካርቡሬተር ማሳደስ ወይስ አዲስ ኮፒ መግዛት?

አሮጌ ፒክአፕ የሚያሽከረክሩ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልኛል። ሞተሩ በካርቡሬተሩ (አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ ለሞተሩ በሚያቀርበው ዕቃ) በኩል ማስነጠስ፣ ነዳጅ ሲሰጡት መደናቀፍና ዳገት ላይ ጉልበት ማጣት ሲጀምር ነባሩን ካርቡሬተር ማሳደስ ይሻላል ወይስ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን፣ ኦሪጅናሉን አስመስሎ የተሠራውን አዲስ ኮፒ መግዛት? የነባሩ አካል እስካልተሰነጠቀና እስካልተጣመመ ድረስ ማሳደሱን እመርጣለሁ፤ ዋነኛው ምክንያቴም ዋጋ ነው።

ለአንዱም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን ጥፋቱ በእርግጥ የካርቡሬተሩ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል በክብደት ለአንድ እጅ ነዳጅ 14.7 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ከዚህ እየበዛ ሲሄድ ድብልቁ ይሳሳል፣ የካንዴላው ሸክላም ቡናማ መሆኑ ቀርቶ ይነጣል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ቾኩን (የአየሩን መግቢያ የሚያጠበውን) በጥቂቱ ሲስቡት መንተፋተፉ ከቀነሰ ነዳጅ እንዳነሰው መናገር ይቻላል፤ ለምን እንዳነሰው ለማወቅ ግን ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ችግሩ በሚኒሞ (ሞተሩ ጋዝ ሳይረገጥ ሲሠራ) ጊዜ ጎልቶ የሚታይና ፍጥነት ሲጨመር የሚደበዝዝ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በካርቡሬተሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያውን በሚያሽገው ስስ ማሸጊያ)፣ በማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ቱቦ) መጋጠሚያ ወይም ወደ ፍሬን ሰርቮ በሚሄደው የተሰነጠቀ ቱቦ በኩል የሚገባ ትርፍ አየር ነው። በተቃራኒው ሚኒሞው ደህና ሆኖ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት የሚደክም ከሆነ የነዳጅ ማጣሪያው፣ ፖምፓውና የታንከሩ ክዳን አየር ማስገቢያ ይታዩ። አዲስ ካርቡሬተር ከእነዚህ አንዱንም አያስተካክልም።

የቫኪዩም መለኪያ (በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የመሳብ ኃይል የሚለካ መሣሪያ) በእጁ ያለ ሰው ትርፍ አየር መግባቱን በቀላሉ ይለያል፤ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ጤናማ ሞተር በሚኒሞ ጊዜ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ድረስ ያሳያል፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታም አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተር ያለው ሞተር በተፈጥሮው ነዳጅ ወደ መብዛት ያዘነብላል፤ ስለዚህ በዚያ ከፍታ ላይ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ማስተካከያውን በማዞር ብቻ የማይድን ጉድለት እንዳለበት እጠረጥራለሁ። ብዙዎቹ የጃፓን ካርቡሬተሮች የሚኒሞውን ነዳጅ የሚከፍትና የሚዘጋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሶሌኖይድ አላቸው፤ ቁልፉ ሲከፈት ቀጭ የሚል ድምፅ ካልተሰማ የተነቀለ ሽቦ ሊኖር ይችላልና መመልከቱ ምንም አያስከፍልም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። የእድሳት ኪት የሚባለው ጓርኒሲዮኖችን፣ የነዳጅ መዝጊያ መርፌንና መቀመጫውን፣ እንዲሁም የማፍጠኛ ፖምፑን ላስቲክ የያዘ ትንሽ ከረጢት ሲሆን ዋጋው ከአዲስ ኮፒ ካርቡሬተር በብዙ ያንሳል። ገዢዎች የሚሳሳቱት የኮፒውን ዋጋ የመጨረሻ ወጪ አድርገው በመቁጠራቸው ነው። በቶዮታ 22አር ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመውን የዌበር 32/36 (የታወቀ የካርቡሬተር ዓይነት) ኮፒ ብንወስድ ማኒፎልዱ ላይ የሚያስቀምጠው ማገናኛ፣ የጋዝ ሽቦው መያዣ፣ የአየር ማጣሪያው መገጣጠሚያ፣ ፖምፓው ከ3.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ የሚገፋ ከሆነም የግፊት መቀነሻ፣ በመጨረሻም ለማስተካከያ የሚገዙ ጄቶች (የሚያልፈውን ነዳጅ መጠን የሚወስን ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ የነሐስ ዕቃዎች) ይከተላሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ተደምረው ከኪቱና ከመካኒኩ የእጅ ዋጋ ጎን ሲቀመጡ «ርካሹ አዲስ» የሚባለው ርካሽነቱን ያጣል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያስቆጨው ግን የሥራው ጥራት ነው። አንድ ወዳጄ የገዛውን እንዲህ ያለ ኮፒ አብረን ፈትተን ተመልክተነዋል። በነዳጅ መያዣው ውስጥ ከፋብሪካ የቀረ የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ነበረ፤ የሥረኛው ፊት ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ሲጋደም ከሥሩ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ዋናው ጄት ላይ 140 የሚል ቁጥር ታትሟል፤ ይህ ቁጥር የቀዳዳው ስፋት 1.40 ሚሊሜትር ነው ማለት ሲሆን የዚያ ስፋት መለኪያ ሽቦ ግን አልገባ አለ። ከሥር ትርፍ አየር የሚያስገባ፣ ከላይ ነዳጅ የሚያሳንስ ዕቃ የተገዛው የሳሳ ድብልቅን ለማዳን ነበር! ሻጩ ደግሞ አንድ ጊዜ የተገጠመ ዕቃ አይመለስም በማለቱ ገንዘቡ ቀልጦ ቀረ።

በኪቶችም ላይ ቢሆን አስመስሎ የተሠራ ሞልቷል። በጣም የሚረከሱት ኪቶች ለብዙ ሞዴል እንዲሆኑ ታስበው ስለሚቆረጡ ጓርኒሲዮኑ አንዳንዴ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ ይሸፍናል፤ ስለሆነም ከመግጠም በፊት አዲሱን ከአሮጌው ላይ ደርቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ማመሳከር ያስፈልጋል። በኪት ላይ ጥቂት ጨምሮ የተሻለውን መግዛት ከሁሉ የሚያዋጣ ጭማሪ ነው እላለሁ። ሲታጠብም ጄቶቹ በግፊት አየር ይነፉ እንጂ በሽቦ አይጎርጎሩ፤ ነሐስ ለስላሳ በመሆኑ ቀዳዳው ሰፍቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከተገጠመ በኋላ በአብዛኞቹ የጃፓን ሥራ የሆኑ የአይሳንና የሂታቺ ካርቡሬተሮች ነዳጅ መያዣ ላይ ባለችው ትንሽ የመስታወት መስኮት የነዳጁን ልክ ማየት ይቻላል፤ ከምልክቱ በታች ከወረደ ተንሳፋፊው ቀድሞ እየዘጋ ነውና በዚህ ብቻ ሞተሩ ሊራብ ይችላል።

እድሳት የማያድነው ዋነኛ ጉዳት የስሮትሉ (ጋዝ ሲረገጥ የሚከፈተው በር) ዘንግ መበላት ነው። ዘንጉ በጣት ወደ ጎንና ወደ ጎን ሲገፋ የሚንቀሳቀስ ከሆነ በዙሪያው አየር ይገባል፣ ኪት ውስጥም ለዚህ የሚሆን ዕቃ የለም። ቶርኖ ቤት አዲስ የነሐስ ቡሽ ማስገባት ይቻላል፤ ይህ ወጪ ሲጨመር ልዩነቱ ስለሚጠብብ ከተፈታ መኪና የወጣ፣ ዘንጉ ያልላላ ኦሪጅናል ካርቡሬተር ፈልጎ እሱን ማሳደስ የተሻለ ይሆናል። ይህም ካልተገኘ ወይም የነባሩ አካል ከተሰነጠቀ እውነተኛው ዌበር አለ፤ ከኮፒው በብዙ ይወደዳል፣ ነገር ግን መለዋወጫው ይገኝለታል፣ ጄቱም የተጻፈበትን ያህል ነው። ኮፒውን የምቀበለው ሻጩ ከመገጠሙ በፊት ተፈትቶ እንዲታይ፣ ጄቱ እንዲለካና ጉድለት ከተገኘበት እንዲመለስ በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም አሮጌው ካርቡሬተር በቅናሽ ስም ለሻጩ ሊሰጥ አይገባም።