ኤሚሊ፣ ኑር ወይስ ፍሎረንስ? የቻት ጌም መግዛት ለምታስቡ

የድሬን ቀትር ታውቁታላችሁ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ከመቀመጥ ሌላ የሚሠራ የለም። ስልክ ይወጣል፣ ቴሌግራም ይከፈታል፣ ቀና ሲሉ አስር ሰዓት ሆኗል። እኔ ሰሞኑን በዚያ ሰዓት ሶስት ጌሞች ስሞክር ከረምኩ። ተኩስም ሩጫም የላቸውም። ታሪካቸው ስለ ቻት፣ ስለ ስልክና ሳናውቀው ስለሚያልፈው ጊዜ ነው።

በነጻው ልጀምር። «ኤሚሊ ኢዝ አዌይ» ካይል ሲሊ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ጌም ነው። ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ድረገጽ ላይ አይከፈልበትም፤ ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል። ስትከፍቱት የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ መልክ ይመጣል፤ የኢንተርኔት ቤት ዘመን ልጆች ወዲያው ሆዳቸው ይባባል። አምስት ምዕራፍ አለው፤ እያንዳንዱ አንድ ዓመት ዘልሎ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 ይሄዳል። ከኤሚሊ ጋር ቻት ስታደርጉ ከሶስት መልስ አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ ኪቦርዱን እንደ ልብ ስትነካኩ ጽሑፉ በራሱ ይጻፋል። አንዳንዴ እናንተን ሆኖ የሚጽፈው ልጅ ደፈር ያለ ነገር ጽፎ ያጠፋዋል፤ በምትኩ ለዘብ ያለውን ይልካል። እኔ በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግኩ አልናገርም።

ምንም ብትመርጡ መጨረሻው ያው ነው። ጓደኛዬ ጨርሶት «አቦ፣ ታዲያ ምን አስመረጠኝ?» ብሎ ተናዷል። ለእኔ ግን የጌሙ ነገር ያለው እዚያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሶስተኛው ክፍል ይከፈልበታል። ታሪኩ 2008 ላይ ሆኖ፣ ቻቱ ፌስቡክን በሚመስል «ፌስኑክ» ላይ ነው። የመጀመሪያውን ካልወደዳችሁት አትድከሙ።

«ፍሎረንስ» አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለስልክ የወጣ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ የሚያልቅ። ስልኳን እያየች ቀኗን የምትገፋ ወጣት ፍቅር ይዟት፣ ፍቅሩም ሲያልፍ ታያላችሁ። ንግግር ማለት የተቆራረጠ ምስል መገጣጠም ነው፤ ሁለቱ ሲላመዱ ቁርጥራጩ እያነሰ ይሄዳል። ጽሑፉ በጣም ጥቂት ስለሆነ እንግሊዝኛ ለማይመቸው ሰው ከሶስቱ የምመርጥለት ይሄንን ነው። ገንዘቡን በሰዓት ለሚያሰላ ግን አይሆንም።

ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው «በሪ ሚ፣ ማይ ላቭ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ኑር ከሶሪያ፣ ከሆምስ ወደ አውሮፓ ተሰዳለች፤ እናንተ እዚያው የቀረው ባሏ ማጅድ ናችሁ። በስልክ መልእክት ብቻ ትመክሯታላችሁ። ርዕሱ «ቅበሪኝ» ከሚል የአረብኛ የፍቅር አባባል የመጣ ነው፤ ከእኔ በፊት አትሙች እንደማለት። የእኛ እናቶች «እኔን ያስቀድመኝ» እንደሚሉት። 19 የተለያዩ መጨረሻዎች አሉት፤ ምክራችሁ ወደ አንዱ ይወስዳታል።

ጊዜው ደግሞ የእናንተው ሰዓት ነው። «ልሳፈር ነው» ብላ ከጠፋች ለሰዓታት ልትጠፋ ትችላለች። ማፍጠን ይቻላል፤ እባካችሁ አታፍጥኑት። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለች ከተማ ሰው እንዲህ መጠበቅ እንግዳ አይደለም። ለዚያው ነው አሁን በመንገድ ላይ ያለ ዘመድ ላለው ሰው የማልመክረው። ለሌላው ግን ከሶስቱ አንደኛ ነው። እንግሊዝኛው ብዙ ነው፤ አማርኛ የለውም።

ለሚከፈልባቸው ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ለእኔ ጅዳ ያለችው እህቴ ናት የከፈለችልኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አድርጉ፤ የጌሙን መልእክት ድምፅ ከቴሌግራማችሁ ለዩት። እኔ ኑር ባሕሩን ተሻገረች ብዬ ዘልዬ ስከፍተው፣ የእቁብ ሰብሳቢያችን ነበር።