ባለ ቅርንጫፍ ካፌ ወይስ የጀበና ቡና፦ ለሰፈር መንገድ የሚበጀው የትኛው ነው?

በአዲስ አበባ የሰፈር ገበያ መንገድ ላይ እንደ ካልዲስ ያለ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ካፌ ሲከፈት፣ ነዋሪው በተግባር የሚያወዳድረው በርጩማ ደርድራ ጀበና ከምታፈላው ጎረቤቱ ቡና ጋር ነው። በካፌው ኤስፕሬሶ በ9 ባር ገደማ ግፊት በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይወርዳል፤ ማኪያቶውም በየቅርንጫፉ ተቀራራቢ ጣዕም አለው። ጀበናው ግን ጊዜ ይጠይቃል፦ ቡናው ታጥቦ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ከፈላ በኋላም አተላው እስኪሰክን ይጠበቃል። ጠጪው ቡናው ሲቆላ እያሸተተ ስለሚጠብቅ የሚቀርብለትን ያውቃል፤ በጣዕም በኩል እኔ ያለማመንታት ጀበናውን እመርጣለሁ። ለሥራ ቀጠሮና ኮምፒውተር ከፍቶ ለመቀመጥ ካፌው ይሻላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የኪራይ ጉዳይ ነው። ካፌው ለሠራተኞቹ ደመወዝ ይከፍላል፣ ደረሰኝም ይቆርጣል፤ ሆኖም ከፍ ያለ ኪራይ የመክፈል አቅሙ ሌሎች አከራዮች በልብስ ሰፊውና በባለ ሱቁ ላይ ዋጋ እንዲጨምሩ ሊያበረታታ ይችላል። ቡና አፍይዋ በአንጻሩ በጀበና፣ በጥቂት ሲኒና በከሰል ሥራ ትጀምራለች፤ እንጀራዋ ግን በበረንዳው ባለቤት ፈቃድና በደንብ አስከባሪዎች ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 በፒያሳ የተጀመረው ቶሞካ ዛሬ በርካታ ቅርንጫፎች ስላሉት፣ ባለ ቅርንጫፍ ካፌን ለከተማችን ባዕድ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ የምቃወመው የካፌውን መከፈት ሳይሆን፣ ለእርሱ መግቢያ ተብሎ ቡና አፍይዎች ከመንገዱ ዳር የሚነሡበትን አሠራር ነው።