ብሩህ ሌንስ ወይስ ትራከር? የእሳተ ገሞራ በረሃን በሌሊት ለምታነሱ

ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያመጡልኛል። "ጥቁሩን የበረሃ ዓለት ከነከዋክብቱ ማንሳት እፈልጋለሁ። ባለኝ ገንዘብ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሰፊ ሌንስ ልግዛ ወይስ ካሜራውን ከሰማዩ ጋር የሚያዞረውን ትራከር?" መልሴ አልተቀየረም፤ ሌንሱን ግዙ። እኔ ትራከሩን አስቀድሜ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።

ሰው የሚሳሳተው ዋጋው ላይ ነው። ትራከር ለብቻው ሲታይ ርካሽ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የአንድ ጥሩ ኤፍ 1.8 ሌንስ ዋጋ ግማሽ ገደማ ነው (ኤፍ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ስፋት ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል)። ግን ብቻውን አይሠራም። ካሜራውን የሚሸከም ሌላ የትራይፖድ ጭንቅላት ይፈልጋል። ወደ ሰሜን ኮከብ የሚያነጣጥረው ማስተካከያ አንዳንዴ ለብቻው ይሸጣል። ቀላል ትራይፖድ አይችለውም፣ ስለዚህ ከባዱን ትገዛላችሁ። ሌንሱ ከከበደ ደግሞ ሚዛን መጠበቂያ ክብደት ይጨመራል። ደረሰኞቼን ሰብስቤ ስደምር ድምሩ የሌንሱን ዋጋ አልፎ አገኘሁት።

ሌንሱ ግን በያዛችሁት ካሜራና ትራይፖድ በዚያው ሌሊት ሥራ ይጀምራል። ከኤፍ 2.8 ወደ ኤፍ 1.8 ስትሄዱ ወደ 2.4 እጥፍ ብርሃን ታገኛላችሁ። ካሜራው ለአንድ ፎቶ ስንት ሰከንድ ክፍት ይቆይ ለሚለው፣ 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉ የሚባለው የቆየ ስሌት ለ20 ሚሊሜትር 25 ሰከንድ ይሰጣል። በዛሬ ካሜራ ያ ይበዛል፤ ከዋክብቱ ጭረት ይሆናሉ። 12 ሰከንድ ያዙ። ከዚያ ትራይፖዱን ሳትነኩ ለዓለቱ ብቻ በሌላ ፎቶ 2 ወይም 3 ደቂቃ ያዙ። ባዛልት የሚባለው ይህ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዓለት ብርሃን ይውጣል፣ ያን ያህል ካልጠበቃችሁት ጥቁር ጥላ ብቻ ነው የሚቀረው።

ትራከር የራሱ ቦታ አለው። ፍኖተ ሐሊብን በረጅም ሌንስ አቅርቦ ለማንሳት ተወዳዳሪ የለውም። ችግሩ ዓለቱ ነው። ካሜራው ሰማዩን ሲከተል ምድሩ ይንሸራተታል። ስለዚህ ዓለቱን ትራከሩን አጥፍታችሁ ለብቻ ታነሳላችሁ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ታጋጥማላችሁ። ጫፉ እንደ መጋዝ በተሰነጣጠቀ ዓለት ላይ ይህ ሥራ ሙሉ ቀን ይበላል።

ሌላም አለ። ትራከር የሰሜን ኮከብን ይፈልጋል። የኮከቡ ከፍታ ከቆማችሁበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በ13 ዲግሪ ላይ ከሆናችሁ ኮከቡ ከአድማሱ 13 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። ልታነሱት የመጣችሁት ዓለት ራሱ ይጋርደዋል። በስልክ ኮምፓስ እንዳትተኩት ደግሞ ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል መግነጢሳዊ ማዕድን አለ፤ መርፌውን ያስታል። እኔ ሁለት ሌሊት ያባከንኩት በዚህ ነው።

ስለ ጥገና ልንገራችሁ። የእሳተ ገሞራ አመድ ጥቃቅን ብርጭቆ አለበት። ትራከሬ ውስጥ ገብቶ የማርሽ ጥርሶቹን በላቸው። ጠጋኙ "ይህ አይጸዳም፣ ይቀየራል" አለኝ። ክፍያው ትራከሩን የገዛሁበት ዋጋ ሲሶ ነበር። ሌንስም አቧራ ይገባዋል፤ ግን የሚንቀሳቀስ ነገሩ ትንሽ ነው። ፎከሱን በደማቅ ኮከብ ካስተካከላችሁ በኋላ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፉት፣ ሌሊቱን ሙሉ አትነኩትም።

ለሌንሱ ስታወጡ ግን አንድ ነገር ጠብቁ። ርካሽ ሰፊ ሌንሶች፣ ፎርጅድ ባይሆኑም እንኳ፣ አንዱ ከሌላው ይለያያል። ውስጡ ካሉት ብርጭቆዎች አንዱ ትንሽ ካዘመመ በአንዱ ጥግ ከዋክብቱ ነጥብ ሲሆኑ በሌላው ክንፍ ያወጣሉ። ቀን ላይ አይታይም። ስለዚህ መመለስ ከሚፈቅድ ሻጭ ብቻ ግዙ። በመጀመሪያው ሌሊት የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ አንድ ደማቅ ኮከብ በአራቱም ጥግ ተራ በተራ አንሱ። አራቱም መመሳሰል አለባቸው። እኔ ሁለቱን መልሻለሁ። ከካሜራዬ ጋር አሁን ያለው ሦስተኛው ነው።