የዝላይ ፈረስ ለመግዛት፦ ከገበሬ፣ ከጉግስ ጋላቢ ወይስ ከግልቢያ ማሠልጠኛ?

አገራችን ገበያ ላይ የሚቀርበው የኮርቻ፣ የጉግስ ወይም የጋሪ ፈረስ ነው። ለዝላይ ተብሎ የተገራ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ገዢ የሚመርጠው እግር፣ ጀርባና ጠባይ ነው። ምርጫዬን አስቀድሜ ልናገር፦ አሠልጣኝ ያለው ሰው ከሰላሌ ገበሬ ይግዛ። ጀማሪ ግን ብሩ ቢበዛበትም ከማሠልጠኛ ቢገዛ ይሻለዋል።

የሰላሌ ፈረስ ደጋ ላይ ዳገት ቁልቁለቱን ሲወጣና ሲወርድ ያደገ ነው። እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ባለቤቱም እናቲቱን ባዝራ ሳይቀር ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ደላላ ይህን አያደርግም። ችግሩ ክትባት ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ፣ ይገድላል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። ፈረሱ መከተቡን ጠይቁ፣ ካልተከተበ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

የጉግስ ፈረስ ልበ ሙሉ ነው። ጩኸትና ግርግር አያስደነግጠውም። እኔን የሚያሳስበኝ አፉ ነው። ባህላዊው ልጓም ብዙ ጊዜ የታችኛውን መንጋጋ በብረት ቀለበት ይይዛል። በኃይል ሲሳብ የኖረ ፈረስ ገና ልጓሙ ሲነካ ጭንቅላቱን ሽቅብ ይወረውራል፣ ጀርባውም ይሰረጉዳል። ለዝላይ የምንፈልገው ደግሞ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ጀርባውን የሚያጎብጥ ፈረስ ነው። ከንፈሩን ገልጣችሁ ከፊት ጥርሱና ከመንጋጋ ጥርሱ መካከል ያለውን ባዶ ድድ በጣት ዳስሱ። ጠባሳ ወይም እብጠት ካለ፣ ወይም ፈረሱ እጃችሁን ገና ሲያይ ከሸሸ፣ ለማረም ብዙ ወራት እንደሚፈጅ አስቡና ዋጋውን ተከራከሩ።

የጋሪ ፈረስ ርካሽ ነው፣ ግን ይቅርባችሁ። አስፋልት እግሩን ጨርሶታል።

ማሠልጠኛ ያለ ፈረስ ውድ ነው፤ በምትኩ ጀርባው ላይ ወጥታችሁ ትሞክሩታላችሁ። ማልዳችሁ ሂዱና ኮርቻ ሳይጫንበት እዩት። የፊት እግሩን ጅማት ከጉልበት በታች ዳስሱ፤ አንዱ ከሌላው ከሞቀ ወይም ካበጠ አትግዙ። ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ ገጣባ እንዳይኖረውም ተመልከቱ።

የክብደትን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋል። የአገራችን ፈረስ አጭር ነው፣ ብዙው ከ1 ሜትር ከ40 አይበልጥም። የተለመደው መመሪያ ጋላቢና ኮርቻ በአንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጡ ይላል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 50 ኪሎ ነው። ለልጅ ግሩም ነው። ጎልማሳ ከሆናችሁ ግን ከውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀለ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ ፈረስ ፈልጉ።

ከማንም ግዙ፣ ሁለት ነገር ሳታዩ አትክፈሉ። አንደኛ፣ ደረቅ መሬት ላይ በሶምሶማ ይሩጥ። ያመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱ ብድግ ይላል። ሁለተኛ፣ በታጠረ ቦታ ያለ ጋላቢ ልቀቁትና ከጉልበቱ የማይበልጥ ግንድ አስቀምጡለት። ግንዱን አይቶ፣ ረጋ ብሎ፣ ሁለቱንም የፊት እግሮቹን እኩል አጥፎ ካለፈ ጥሩ ነው። ቆም ብሎ ካሸተተውና በሁለተኛው ዙር ከዘለለም አልጠላውም። ሳያይ ተንደርድሮ የሚዘለውን ግን፣ የቱንም ያህል ከፍ ብሎ ቢዘል፣ ለጀማሪ አልመክርም።