ሲዲ ማጫወቻ በድሬዳዋ፦ ከስልክና ከዳታ ጎን ለጎን ሲፈተን

ከዚራ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ከአንድ አምፕሊፋየርና ከአንድ ጥንድ ስፒከር ጋር የተያያዙ ሁለት የሙዚቃ ምንጮች አሉ። አንደኛው ታይዋን ገበያ ከሰልባጅ ኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ የገዛሁት ጃፓን ሠራሽ ሲዲ ማጫወቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሙዚቃን በቀጥታ ከኢንተርኔት የሚያጫውት መተግበሪያ የተጫነበት ስልክ ነው። ሁለቱም የሚሰሙት በአንድ ስፒከር በመሆኑ፣ ባለፉት ወራት በመካከላቸው ያስተዋልኩት ልዩነት ከምንጩ የመጣ ነው ብዬ በድፍረት መናገር እችላለሁ። ማጫወቻው የግንቦትና የሰኔን ሙቀት፣ የአቧራውን ወራትና የመብራት መቆራረጡን አብሮን አሳልፏል፤ ስለዚህ ስለ ጥንካሬውም ሆነ ስለ ጠቃሚነቱ ለመፍረድ በቂ ጊዜ አልፏል ማለት ይቻላል።

የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ሲዲን በድምፅ ጥራት ብቻ ደግፎ የሚከራከር ሰው ዛሬ የያዘው ክርክር ደካማ ነው። ሲዲ አሁንም ገንዘብና የመደርደሪያ ቦታ የሚገባው፣ የምንፈልገው ሙዚቃ ኢንተርኔት ላይ ጨርሶ በማይገኝበት ወይም ተበላሽቶ በሚገኝበት ጊዜ ነው፤ እኔ ከምሰማው የድሬዳዋና የሐረር የቆየ ሙዚቃ ውስጥ ደግሞ ብዙው ይህ ዕጣ የደረሰው ነው።

ድምፁን በተመለከተ ቁጥሮቹ በመጀመሪያ እይታ ለሲዲ ያደላሉ። ሶኒና ፊሊፕስ በ1980 እ.ኤ.አ. ባጸደቁት ደረጃ መሠረት ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይመዘግባል፤ ይህም ለሁለቱ የስቴሪዮ መስመሮች ሲደመር በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይሆናል። የተለመዱት የስትሪሚንግ መተግበሪያዎች በከፍተኛው የተጨመቀ ደረጃቸው የሚልኩት 320 ኪሎቢት ያህል ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ልዩነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ነገር ግን መጭመቂያው የሚጥለው የሰው ጆሮ ብዙም የማይለየውን ክፍል በመሆኑ፣ የቁጥሩ ልዩነት ያህል የድምፅ ልዩነት አይገኝም። እኅቴ ምንጩን ሳትነግረኝ እያቀያየረች፣ የድምፁ ከፍታም እኩል ተደርጎ ስሰማ፣ ንጹሕ ሆኖ የተጫነን የ320 ቅጂ ከሲዲው መለየት አልቻልኩም። የከፍታው እኩልነት እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ጆሮ ጥቂት ጮክ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» እያለ ይሸወዳልና፣ ብዙ ሰው «ሲዲ ይበልጣል» የሚለው ማጫወቻው ከስልኩ ጮክ ብሎ ስለሚዘፍን ብቻ ሊሆን ይችላል። አፕል ሙዚክን የመሰሉ አገልግሎቶች ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምንም ያልተቀነሰለትን ድምፅ ማቅረብ ስለጀመሩ፣ ይህ የሲዲ ብልጫ በወረቀትም ላይ እየጠፋ ነው።

ልዩነቱ ያለ ምንም ማመንታት የሚሰማው፣ ግለሰቦች ከአሮጌ ካሴት ቀድተው ዩቲዩብ ላይ ከጫኗቸው ዘፈኖች ጋር ሲነጻጸር ነው። እዚያ የክራሩ ጅማት ይደነዝዛል፣ የሳክስፎኑ ትንፋሽ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የካሴቱ ማጫወቻ ፈጥኖ ይዞር ስለነበር ዘፋኙ ከድምፁ ቀጥኖ ይሰማል። የሚያናድደው ግን ጫኚው በዘፈኑ መካከል የራሱን ቻናል ስም በጉልህ ድምፅ አስገብቶ ሲገኝ ነው። ሐረር ጁገል ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ የገዛሁት የሐረሪ ሰርግ ዘፈኖች ሲዲ አለኝ። ከእነዚህ ዘፈኖች ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋቸው ጥቂቶቹን ብቻ ነው፤ እነሱም «የድሮ የሐረሪ ሙዚቃ» በሚል የጅምላ ስም የተጫኑ፣ የዘፋኙም የሙዚቀኛውም ስም የሌለባቸው፣ አንዱም ተቀባዮቹ ሊገቡ ሲሉ የተቆረጠ ነው። ሲዲው ላይ ያ ዘፈን እስከ መጨረሻው ይዘልቃል፤ ከበሮውም በራሱ ጊዜ ያቆማል።

የአካባቢያችን ሙዚቃ የሚያንስ ቅርስ አይደለም። ድሬዳዋ የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የተመሠረተባት፣ እንዲሁም በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ያዜመውና በ2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም የተለየው አንጋፋው አሊ ቢራ የተወለደባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሲሰማ ሙዚቀኞቹ እነማን ነበሩ፣ ግጥሙ የማን ነው፣ ያቀናበረውስ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱም የሚገኘው በሲዲው ሽፋን ላይ ነው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፓሪስ አሳታሚ ያወጣቸው የኢትዮጵያ የቆዩ ሙዚቃዎች ተከታታይ ሲዲዎች፣ በሚይዙት መጽሔት ውስጥ የሙዚቀኞቹን ስም፣ ፎቶግራፍና ዘመን አስፍረው በመገኘታቸው በውጭው ዓለም ስማቸው የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። ያንኑ ሙዚቃ በስልክ የሚሰማ ሰው በአብዛኛው የሚያየው የዘፋኙን ስምና አንዲት ትንሽ ሥዕል ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሲዲው በፋብሪካ የታተመ ከሆነ ነው፤ ገበያችን ላይ ደግሞ ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። በየሙዚቃ ቤቱ ሲሸጡ ከነበሩት ሲዲዎች ብዙዎቹ በኮምፒውተር የተገለበጡ ሲሆኑ፣ ሽፋናቸውም በቀለም ፎቶኮፒ የተባዛ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ይህን ቢከለክልም፣ ቅጂዎቹ ዛሬም በየቤቱ ካርቶን ሞልተው ይገኛሉ። የተገለበጠ ሲዲ ድምፁን የሚይዘው በብርሃንና በሙቀት በሚጠቃ ቀለም ነው፤ የታተመው ግን መረጃው በፕላስቲኩ ላይ በቅርጽ ተወቅሮ በአሉሚኒየም የተሸፈነ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። ለመለየት የሚያብረቀርቀውን ጎን በፀሐይ ብርሃን ማየት ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ የታተመው ጥርት ያለ ብርማ ሲሆን የተገለበጠው ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ያደላል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ፦ ከኤምፒ3 ፋይል ተመልሶ የተገለበጠ ሲዲ ሲጨመቅ የጠፋበትን ድምፅ ስለማያገኝ፣ ሲዲ መሆኑ ምንም አይጨምርለትም። እኔ መስኮት አጠገብ ካስቀመጥኳቸው ቅጂዎች አንዳንዶቹ ፈጽሞ አይነበቡም፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ሳጥን የነበሩት የታተሙት ግን ያለ ችግር ይዘፍናሉ።

ማጫወቻው ራሱ በድሬዳዋ አየር እንዴት ሰነበተ ለሚለው መልሱ፣ ሙቀቱን ቻለው፣ አቧራው ግን አስቸገረው የሚል ነው። አንድ ሰሞን ዲስኩን ከአስገባሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ እየተሽከረከረ «ዲስክ የለም» ይለኝ ጀመር። ይዤው የሄድኩት መጋላ ያለው ጠጋኝ ክዳኑን ፈቶ ሌንሱ ላይ የእጅ ባትሪ አበራና፣ «አቦ፣ ይሄ እኮ አልሞተም፤ አቧራ ጠጥቶ ነው» አለኝ። የምስር ፍሬ የምታህለውን ሌንስ በአልኮል በረጠበ ጥጥ፣ ሳይጫን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዳበሳት፤ ማጫወቻውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዘፈነ። መሳቢያውን የሚያስወጣው ቀጭን ጎማ በሙቀቱ ረግቦ ስለነበር እሱንም ቀየረልኝ። ጥገናው ቀላልና ርካሽ ነበር፤ ነገር ግን ስልክ የሚጠይቀው ነገር እንዳልሆነ በግልጽ መመዝገብ አለበት።

የዲስኩ ንጽሕና ደግሞ የራሱ ዕውቀት አለው። ሲዲ እንደ ሸክላ ሳይሆን ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር ይነበባል፤ የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች የሚቀመጡትም ወደ ዳር፣ እጃችን አዘውትሮ በሚነካው ቦታ ነው። «መጀመሪያው ደህና ነው፣ መጨረሻው ላይ ይዘላል» የሚባለው ቅሬታ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሲጠረግም በክብ ሳይሆን ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ መጠረግ አለበት፤ ምክንያቱም ሲዲ ስሕተቱን የሚያርምበት ስሌት እስከ 2.5 ሚሊሜትር የሚደርስ የንባብ ጉድለትን ሙሉ በሙሉ የማካካስ ችሎታ ቢኖረውም፣ የንባቡን መስመር ተከትሎ የሚሄድ ረጅም ጭረት ግን ከዚህ አቅም በላይ ይሆንበታል። ብዙ ሰው የሚያብረቀርቀውን ጎን ተጠንቅቆ የተጻፈበትን ጎን ጠረጴዛ ላይ ይጎትታል፤ መረጃው ግን ከጽሑፉ በታች ስስ ሽፋን ብቻ ለብሶ ስለሚገኝ እዚያ በኩል የተጫረ ሲዲ መፍትሔ የለውም።

ወጪውን እንመልከት። በ320 ኪሎቢት የሚሰማ ሙዚቃ በሰዓት 144 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በቀን ሦስት ሰዓት ለሚያሰማ ቤት ይህ በወር ወደ 13 ጊጋባይት ይጠጋል። ድሬዳዋ በኢንተርኔት ረገድ ወደ ኋላ የቀረች ከተማ አይደለችም፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን ለደንበኞች ማቅረብ የጀመረው ከእኛው ከተማ ነው። ቢሆንም የዳታ ጥቅል በየጊዜው የሚገዛ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ዘፈኖችን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመስማት የሚያስችለው ወርሃዊ ክፍያ ብዙውን ጊዜ የውጭ ምንዛሬ የሚከፈልበት ካርድ ስለሚፈልግ፣ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ማስታወቂያ የበዛበትን ነጻውን ክፍል ነው። ሲዲ አንዴ ከተገዛ በኋላ ሒሳብ አይጠይቅም። በሌላ በኩል ሲዲ ማጫወቻ ዳታ ሲያልቅ አይቆም እንጂ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ስልክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ማንም ማንንም አሸነፈ ማለት አይቻልም።

ሲዲው በግልጽ የተሸነፈው በበርጫ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ እንግዳ ሲሰበሰብ አንዱ የሶማሊኛ፣ ሌላው የትዝታ፣ ሦስተኛው የሱዳን ዘፈን ይጠይቃል፤ ስልኩ ሁሉንም በየተራ ያቀርባል፣ ሲዲው ግን ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ዘፋኝን ብቻ ያሰማል። ዲስኩ ሲያልቅም ከምርቃናው ተነሥቶ ሊቀይር የሚፈልግ ሰው አይገኝም፤ እኔም ራሴ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። መተግበሪያው አንድ የቆየ የአሊ ቢራ ዘፈን ካሰማኝ በኋላ በራሱ ፈቃድ ወደ ዘንድሮ የጭፈራ ዘፈን ይወስደኛል፤ ሲዲው ግን አዘጋጆቹ በመረጡት ቅደም ተከተል፣ ሰው ብዙም የማያስታውሳቸውን ዘፈኖች ጭምር ያሰማኛል። ከታወቁት ይልቅ የወደድኳቸው ዘፈኖች በአብዛኛው የተገኙት በዚህ መንገድ፣ ማለትም ሪሞቱ ርቆ ስለነበር ሳልዘላቸው በመቅረቴ ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች ዛሬ ከዜሮ ተነሥቶ ሲዲ መሰብሰብ ለሚያስብ ሰው ነገሩን አልመክረውም፤ አዳዲስ አልበሞች በዋነኛነት የሚለቀቁት በኢንተርኔት ነው፣ ያገለገሉትም ቢሆኑ ኦሪጅናላቸው ለማግኘት ከባድ ነው። በቤቱ ከወላጆቹ ወይም ከታላላቆቹ የቀሩ የታተሙ ሲዲዎች ያሉት ሰው ግን ማጫወቻ ቢገዛ ወጪው ከአንድ መካከለኛ ስልክ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። አቅሙ ካለው ዘፈኖቹን በኮምፒውተር ፍላክ በሚባለው፣ ምንም ድምፅ በማይቀንሰው ፋይል ገልብጦ ለራሱ ቢያስቀምጥ፣ ዲስኩ ቢሰበር እንኳ ሙዚቃው ይተርፋል። ይህን ሥራ እኔም በሐረሪው ሲዲ ጀምሬዋለሁ።

ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የማጫወቻውን ጀርባ ይመልከት። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት የሚፈልጉት 100 ቮልት ስለሆነ፣ መቀየሪያ ከሌላቸው ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ላይ ሲሰኩ ወዲያው ይቃጠላሉ። ብዙ ነጋዴ ዕቃው መሥራቱን የሚያሳየው በሬድዮው ወይም በፍላሽ ነው፤ ይህ ስለ ሌንሱ የሚናገረው ነገር የለም። የራስን የታተመ፣ ረጅም ሲዲ ይዞ ሄዶ የመጨረሻውን ዘፈን ማስጀመርና እስኪያልቅ መስማት ያስፈልጋል፤ ሻጩ ለዚህ ትዕግሥት ከሌለው ወደሚቀጥለው ሱቅ ማለፍ ነው።