ስፓኒሽ በአንቱታ ያስተማሩኝን ጋሼን ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

እዚህ ሜሪላንድ በነርሲንግ ሆም፣ በሆም ኬርና በክሊኒክ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ስፓኒሽ ለመማር የምታስቡ ካላችሁ አንድ መምህር ልጠቁማችሁ። ስማቸው አደባባይ ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጋሼ ስፓኒሽን የለመዱት በልጅነታቸው ኩባ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ አባቶቻቸው በጦርነቱ የወደቁባቸውን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ወደምትባለው ደሴት ለትምህርት ተልከው ነበር። ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ። ጋሼ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ናቸው። ቋንቋውን ኖረውበታል፤ በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው የት ላይ እንደሚደናቀፍም ያውቃሉ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ አስተማሪ ከእሳቸው በፊት አልገጠመኝም።

የማመሰግናቸው በተለይ ስለ ሱብሁንቲቮ ነው፤ ምኞት፣ ጥርጣሬ ወይም የአክብሮት ትእዛዝ ሲነገር ግሡ የሚይዘው ቅርጽ ማለት ነው። የጀመራችሁ ስሙን ስትሰሙ ፊታችሁ እንደሚጨማደድ አውቃለሁ። ብዙ ኮርስና አፕ "ይሄ ለከፍተኛ ደረጃ ነው" እያለ ወደ መጨረሻ ይገፋዋል። የእኛ ሥራ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ይፈልገዋል። ከሥራ ባልደረቦቻችን ሰምተን የምንይዘው "ቤን" ነው፤ "ና"፣ "ነይ" እንደማለት። የሰማንያ ዓመት ሳልቫዶራዊት እናት ግን "ቤንጋ" ነው የሚባሉት፣ ይምጡ። "ሲዬንቴሴ"፣ ይቀመጡ። "ኖ ሴ ሌባንቴ"፣ አይነሡ። እነዚህ ሁሉ ሱብሁንቲቮ ናቸው።

ጋሼ ትምህርቱን የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። "አያትሽን ነይ ትያቸዋለሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ አማርኛው ለአክብሮት ሲል ፊት ለፊት ያለውን ሰው እንደ ሩቅ ሰው አድርጎ "ይምጡ" እንደሚል፣ ስፓኒሹም ለኡስቴድ፣ ማለትም ለ"እርስዎ"፣ የሩቁን ሰው ቅርጽ እንደሚወስድ አሳዩኝ። የአብነት ትምህርት የቀመሳችሁ ደግሞ ዘንድ አንቀጽንና ትእዛዝ አንቀጽን አስታውሱ፤ በግዕዝ "ይቅትል" ለሁለቱም እንደሚያገለግለው ማለት ነው።

ከዚያ ያስፈሩን ግሦች መጡ። ሕጉ አጭር ነው፦ "እኔ" የሚለውን ቅርጽ ያዝ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን ኦ ጣል፣ በቦታው ሌላ አናባቢ አስገባ። ቴንጎ ካለ ቴንጋ፣ ፖንጎ ካለ ፖንጋ፣ ሳልጎ ካለ ሳልጋ፣ ዲጎ ካለ ዲጋ። "ወጣ ያሉ" የሚባሉት ግሦች አብዛኞቹ በዚህ ይገባሉ። ከሕጉ የሚያመልጡት ስድስት ሲሆኑ ምክንያታቸውም አንድ ነው፤ "እኔ" ሲባሉ በኦ አያልቁም። ሶይ (ነኝ)፣ ቦይ (እሄዳለሁ)፣ ኤስቶይ (ይሄም ነኝ፣ አለሁ)፣ ዶይ (እሰጣለሁ)፣ ሴ (አውቃለሁ)፣ ኤ (ረዳት ግሥ)። እነሱን በቃል መያዝ ነው፦ ሴአ፣ ባያ፣ ኤስቴ፣ ዴ፣ ሴፓ፣ አያ። ይከብዳል ስንል ጋሼ ሳቁብን። እኛስ "ነው" የሚለውን "ይሁን" የምንለው በየትኛው ሕግ ነው? "መጣ" የሚለው ግሥ ሲታዘዝስ "ና" የሚሆነው? ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ስለ ሴአ ያጉረመረመ የለም።

መለማመጃው ምርቃት ነበር፣ እኔ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው። ምርቃት ለእኛ ማን ያስተምረናል! "ኬ ሴ ሜሆሬ"፣ ይማርዎት። "ኬ ዴስካንሴ"፣ ይረፉ። "ኬ ሌ ባያ ቢየን"፣ ይቅናዎት። "ኬ ዲዮስ ላ ቤንዲጋ"፣ እግዚአብሔር ይባርክዎት። ሌሊት ፈረቃ ላይ መብራት ሳጠፋ ከእነዚህ አንዷን ጣል ሳደርግ በሽተኞቼ መልሰው ይመርቁኛል፤ ሱብሁንቲቮው በነፃ ይደጋገማል።

አማርኛው የማያግዝበትን ቦታም ጋሼ አይደብቁም። "ልጅዎ ስትመጣ" ስንል ሁልጊዜ ስትመጣም ይሁን ነገ ስትመጣ ያው "ስትመጣ" ናት። ስፓኒሽ ይለያል፤ የተለመደውን "ኩዋንዶ ዬጋ" ይላል፣ ገና የሚሆነውን "ኩዋንዶ ዬጌ"። ልጃቸውን የሚጠብቁ አዛውንት ሲጠይቋችሁ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። "ትኩሳት አለባቸው ብዬ አስባለሁ" ላይ "ቲዬኔ"፣ "አለባቸው ብዬ አላስብም" ላይ "ቴንጋ" መሆኑም እንዲሁ፤ የእኛ "አለባቸው" በሁለቱም ንቅንቅ አይልም። እዚህ ላይ መደጋገም እንጂ አቋራጭ የለም አሉን፣ ደጋገምን።

ጉድለት አይጠፋም። አነጋገራቸው የኩባ ስለሆነ ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን ስ ይውጧታል፤ ጆሮ እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል። ሳልቫዶሮች እርስ በርስ በ"አንተ"ና በ"አንቺ" ቦታ የሚጠቀሙበትን "ቦስ" የሚባለውን አነጋገር ብዙ አይነኩትም፣ እሱን ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ተማሩት። ሰርተፊኬት ለሚፈልግም እሳቸው አይሆኑም፣ ወረቀት አይሰጡም። ስልክ እየነካካ የሚማርን ሰው ደግሞ በትዕግሥት አያልፉትም።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለማስታምማቸው እናቶችም ነው ያስተማሩት።

ትምህርቱ በዙም ነው፣ በአማርኛ፣ ከአምስት በማይበልጡ ተማሪዎች። ሌሊት ለምንሠራው ረፋድ ላይ ሌላ ክፍል አላቸው። ክፍያው እንደየአቅም ነው፤ መክፈል ያቃተውን ሲያባርሩ አላየሁም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። የረፋዱ ክፍል አሁን ቦታ አለው፣ የማታው ግን ሞልቷል።