ጥናቴን የተየበችልኝ ፎቶ ኮፒ ቤት

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንዷ ጠባብ ቤት ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለደንበኛ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ። በቃ።

በእጄ የጻፍኩት የሴሚናር ወረቀት ነበረኝ፤ 22 ገጽ። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕጋዊ ይሁን በሚለው ላይ ሕዝብ በየአገሩ ምን እንደሚል የሚያይ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ሌላ ቤት ርዕሱን ጮክ ብሎ አነበበና ወረቀቱን መለሰልኝ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በጣም ከፋኝ። የሰው አስተያየት ማጥናት እኮ ነውር አይደለም።

እዚህ ግን ልጅቷ «ወንድሜ፣ ለመቼ ይድረስልህ?» ነው ያለችኝ። ሰው ሲገባ ገጹን ገልበጥ ታደርገዋለች። እምነቷ ይህን ጋብቻ እንደማይቀበል በግልጽ ነገረችኝ። ሥራዬን ግን አላጎደለችብኝም።

ቁጥር ላይ ጠንቃቃ ናት። ፒው የተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ኅብረተሰቡ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን መቀበል የለበትም ብለዋል። እኔ አንድ ቦታ ላይ 79 ብዬ ኖሯል። እሷ ናት ያየችው።

ታይዋን ጋ ስትደርስ ቆም አለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝበ ውሳኔ አብዛኛው መራጭ ተቃውሞ፣ በ2019 ፓርላማው ፈቀደ። «ሕዝቡ እምቢ ብሎ እንዴት ሕግ ሆነ?» አለችኝ። ፍርድ ቤት በ2017 ክልከላው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የሁለት ዓመት ገደብ ሰጥቶ ነበር አልኳት። «ታዲያ እሱን መቼ ጻፍከው?» እውነቷን ነው። አየርላንድ ላይ በ2015 ራሱ ሕዝቡ በ62 በመቶ ድምፅ ነው ያጸደቀው። ሁለቱን አገር ጎን ለጎን አድርጌ በርጩማው ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። መምህሬ ከሁሉ የወደዱት ያንን ነው።

ጉድለትም አለ። ጄኔሬተር የላቸውም፤ መብራት ሲጠፋ ሁለት ሰዓት ጠብቄያለሁ። ጥረዛውም ላላ ያለ ነው፣ ሌላ ቦታ አስጠርዙ።

ስጨርስ ፋይሉን ከኮምፒውተሯ ላይ ዓይኔ እያየ አጠፋችልኝ። ሳልጠይቃት ነው። «ገለቶሚ» ብያት ወጣሁ። የመመረቂያ ጽሑፌንም የምወስደው ለእሷ ነው።